የበረኛው ድምፅ

አስገደት፣ እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ቁጭ በይ እስቲ ትንሽ፤ አንቺ እኮ በገዛ ቤትሽ ወንበር የተከለከልሽ ነው የምትመስዪው። ማሽኑን ቀየርሽው እንዴ? ያምራል። የድሮው ቡና ባወጣ ቁጥር እንደኔ ጉልበት ያቃስት ነበር። ይሄኛው ጨዋ ነው… ድምፁ አይሰማም። ዘንድሮ የሚወደደው እንዲህ ያለው ነው።

እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ። ከሰፈሬ ከቶር ፒኛታራ እዚህ ድረስ በአውቶቡስ መጣሁ፤ ቦታ አጥቼ ቆሜ ነበር። አንዲት ልጅ ትክ ብላ ስታየኝ ቆየችና ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «ሲኞሬ፣ እርስዎን ፊልም ላይ አይቼዎታለሁ!» አለችኝ። ደስ አይልም? ደረቴን ነፋሁ። «የትኛው ፊልም ላይ ነው?» አልኳት። አሰበች… አሰበች… «የሆቴል በር ላይ ቆመው ነበር» አለችኝ። የትኛው ሆቴል? እሷም አላወቀችው፣ እኔም አላወቅሁት። በዚህ አገር ፊልም ውስጥ እኔ ያልቆምኩበት የሆቴል በር የት አለና!

ማኪያቶ አድርጊልኝ፣ ወተቱ በዛ ይበል። …እዚያ መስኮቱ ሥር ያ ሁሉ መብራት ምንድን ነው? አሃ፣ የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው። ወንድማችን ቃለ መጠይቅ እየሰጠ ነዋ! ታዲያ ቀስ ብዬ ላውራ። የኔን ድምፅ ታውቂው የለ፣ ግድግዳ አያቆመውም። ሹክ ልበል ብዬ ሰፈር የምሰበስብ ሰው ነኝ። ለማንኛውም ስም አልጠራም። ስም መጥራት አልወድም። ምናልባት እኔን በስሜ የጠራኝ ዳይሬክተር ስለሌለ ይሆናል።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ካባ ልታለብሱት ነው አሉ። ደግ አደረጋችሁ! ከሱ በላይ ለማን ይገባል? የኮሚቴው ሰብሳቢ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ግብዣው እንደሚያምር አልጠራጠርም። …ምን? እትዬ ለተንኪኤል አላለብስም አሉ? እሳቸው? ልጃቸውን ባሕር የወሰደባቸው እናት፣ የሱን ፊልም አይተው ሲያለቅሱ ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ የወጣው? እሳቸው ካላለበሱት ማን ያልብሰው?

ለምን እንደሆነ እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ! እኔ ምን አውቃለሁ? በረኛ የሚያውቀው ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ብቻ ነው።

ደግሞም ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ስለዚህ ምንም አልነግርሽም። ላጫውትሽ ግን እችላለሁ… ማጫወት ሌላ ነው።

አሎራ፣ እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ራሴ ላጫውትሽ። አባቴ ግዛቸው ብሎ ስም አወጣልኝ። ግዛቸው! እነማንን እንድገዛለት እንደፈለገ አላውቅም፤ እኔ ግን ወደ ሮም መጥቼ በር ከፈትኩላቸው። አዲስ አበባ እያለሁ ትያትር ቤት ውስጥ ንጉሥ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ ዳኛ ሆኜ ፈርጃለሁ። እዚህ ስደርስ አንዲት ሴትዮ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አየችኝና «ፊትህ ግሩም ነው! ፊልም መሥራት ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ወንድ ልጅ ዕድሉ በአደባባይ ሲጠራው! በማግሥቱ ሄድኩ። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ አስተኙኝ። «ምን ልሁን?» አልኩ። «ሬሳ» አሉኝ። ፊቴ ግሩም ነው ያለችኝን አስታውሼ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ በግምባሬ ደፉኝ። በዚያ ላይ አስነጠሰኝ። ሬሳነቱንም በደንብ አልቻልኩትም።

ከዚያማ ምን ያልሆንኩት አለ? በጥይት ሞቻለሁ፣ በመርዝ ሞቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ አንበሳ በልቶኛል፤ አንበሳውን ግን አላገናኙኝም፣ ለብቻው ቀርፀውት ነው። ለገና ኬክ ማስታወቂያ ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ሆኛለሁ፤ የትኛው እንደሆንኩ አትጠይቂኝ። ሽፍታ ሆኜ ታጋቾች ላይ ስጮህ ዳይሬክተሩ «በአፍሪካኛ አስፈራራቸው!» አለኝ። ምን ልበል? ርቦኝ ነበር። ሽጉጤን ቀስሬ «ጥብሱ ደረቅ ነው ወይስ በመረቅ?! ሚጥሚጣው የታለ?!» ብዬ ደነፋሁባቸው። ጣሊያኖቹ ደነገጡ፤ የታገተችው ሴትዮ የምሯን አለቀሰች። ፊልሙ ለእይታ ሲወጣ የኛ ሰዎች ሲኒማ ቤት ውስጥ በሳቅ ወንበር ሰበሩ። እና እኔ ነኝ ስለ ሰው አማርኛ የማወራው? ሞልቶልኝ!

በስተመጨረሻ ግን በር ላይ ተረጋጋሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ስም የሚያልፍበት ቦታ አለ አይደል? እኔ «በረኛ ሁለት» ነኝ። በረኛ አንድ ማን እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም። ጎበዝ መሆን አለበት።

ወንድማችን ግን… አቤት እሱ! እሱ ሌላ ነው። ሕፃን ሆኖ ነው የመጣው። እናቱ ነፍሳቸውን ይማር፣ በሰው ቤት እየሠሩ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ እሱንም እንዲህ አድርገው አሳደጉት። የሳቸውን ነገር በቀልድ አልነካውም። አማርኛ ከእሳቸው ጋር ቀረ፤ ልጅ ነበር፣ ምን ያድርግ? በሱ አይፈረድም። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው «አማርኛ የነፍሴ ቋንቋ ነው» ይላል። በጣሊያንኛ ነው የሚለው፤ ነፍሱ ግን ትሰማዋለች መቼም።

መልኩስ? ይኸው እይው እስቲ! ዕድሜ አይደፍረውም። ሽበት እንኳ በቀለበት መንገድ ዞሮ ነው የሚያልፈው፤ በቀለም ተዘግቶበት። ካሜራ ፊት መጀመሪያ የወሰድኩት እኔ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም… ወሰድኩት እንጂ። እኔ በር ስከፍት እሱ በከፈትኩት በር እየገባ ዶክተር ሆነ፣ ጠበቃ ሆነ። ደስ አለኝ። የከፈትሽው በር ባዶ ካልቀረ ደስ አይልሽም?

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ይሄ ዳይሬክተሩ፣ ማቴዎ፣ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰው ያምናል። በሽታው ይኸው ነው። የፊልሙ ታሪክ፣ አይተሽዋል፣ አንድ አባት ልጁን ፍለጋ ወደብ ድረስ ይመጣል። ልጁ ከሰጠሙት ውስጥ ነው። አባትየው አስከሬኑ ፊት ቆሞ የሚናገረው አለ፤ በአማርኛ። ማቴዎ እኔን ለፈተና ጠራኝ። ተናገርኩ። ካሜራ ያዡ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ማቴዎ «ግዛቸው» አለኝ። በስሜ! «ግዛቸው፣ አባትየው አንተ ነህ።»

ያን ቀን እንዴት ወደ ቤት እንደሄድኩ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስም ያለው ሰው ልሆን! ሳልሞት፣ በር ሳልከፍት፣ ቁጭ ብዬ የምናገር ሰው! ይህን የመሰለ ደስታ ለብቻ ይበላል? እዚሁ አንቺ ቤት መጥቼ ለወንድማችን ነገርኩት። አቀፈኝ። እንባው መጣ። «ይገባሃል፣ ይገባሃል!» አለኝ። እንደሱ ከልቡ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም… ከደስታው ብዛት በማግሥቱ ማቴዎ ጋ ሄደ።

ምን ብሎ? ይህን የሰማሁት ከቆየ በኋላ ነው፤ ከማቴዎ ከራሱ። እንዲህ ነው ያለው፦ «ግዛቸው? ወርቅ ነው እኮ! በር አከፋፈቱን አይተኸዋል? በጣሊያን ሲኒማ እንደሱ በር የሚከፍት የለም። ግን… ዕድሜ ነው እንግዲህ። የሚናገረውን መያዝ እያቃተው ነው። ቤቱንም አንዳንዴ ይረሳዋል። ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው የምነግርህ፣ ስለምወደው።»

ስለምወደው! ሰማሽ? ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ እንደዚህ ያለ አነጋገር አልችልም፤ ሞኝ ነኝ፣ የሆዴን ነው የማወራው። እሱ ግን ሰውን እያመሰገነ ቁልቁል መሸኘት ይችልበታል። ተሰጥኦ ነው!

ማቴዎ ደወለልኝ። «ሌላ አቅጣጫ ይዘናል፤ ግን ላንተ የሚሆን ቆንጆ ቦታ አለ» አለኝ። «ምን?» አልኩት። «አባትየው ወደብ ሲደርስ በሩን የሚከፍትለት ዘበኛ።» …ምን ትስቂያለሽ? ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ስልኩን ዘግቼ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ሲያልቅ ግን ፊቴን መታጠብ ነበረብኝ።

ሄጄ ከፈትኩለት። እውነቴን ነው! ፊልሙን እንደገና ብታዪው፣ ብረት በሩ ሲከፈት አንድ እጅ ይታያል። የኔ ነው። በደንብ ነው የከፈትኩት። የአንጋፋ እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚያ ያ ትልቁ ትዕይንት ደረሰ። ወንድማችን አስከሬኑ ፊት ተንበረከከ። እኔ በሬን እንደያዝኩ፣ ራቅ ብዬ አያለሁ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እንባው ይወርዳል። ምን እያለ ነው ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ… «ተርሚኒ… ቪቶሪዮ… ማንዞኒ… ሳን ጆቫኒ… ሬ ዲ ሮማ…»

የሜትሮ ፌርማታዎች! በተርታ፣ አንድም ሳይዘል!

አትሳቂ። ማቴዎን አስቀድሞ አስፈቅዶታል፤ «አሁን ስሜቱን ልስጥህ፣ ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ገብቼ እሞላዋለሁ። የድሮ ትልልቅ ተዋንያን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» ብሎታል። እውነትም ያደርጉ ነበር። እኔ ጥብስ እያዘዝኩ ሰው አግቼ የለም እንዴ? ምን አፍ አለኝ! ግን ልብ በይ፣ ለሜትሮ ፌርማታ እንዲያ ማልቀስ ቀላል ነው? እኔ በዚያ መስመር ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሼ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ትልቅ ተዋናይ ነው አልኩሽ እኮ።

ጊዜው ደርሶ ድምፁን ሊሞላ ስቱዲዮ ገባ። የሆነውን እኔ አላየሁም። የድምፅ ሠራተኛዋ ኪያራ ናት ያጫወተችኝ። «ሲኞር ግዛቸው፣ እኔ ቋንቋውን አላውቀውም፤ ግን አላመንኩትም» አለችኝ። እሷ ካላመነች የኛ ሰው ሰምቶት ምን ሊል ነው? ማቴዎ ጭንቅላቱን ያዘ። ፊልሙ ተቀርጿል፣ አልቋል፤ መልክ አለ፣ እንባ አለ… የጠፋችው ትንሽ ነገር ናት። ድምፅ።

እና ማን ተጠራ መሰለሽ?

ይኮራል ብለሽ ይሆናል፤ አልኮራሁም። አንዴ «ሃሎ» ብሎ ሳይጨርስ «መጣሁ» አልኩት። አህያ ቢሆን ኖሮም ድምፄን እሰጠው ነበር፤ ሥራ ይናፍቀኛል፣ ምን ላድርግ። ስቱዲዮ ስደርስ ማቴዎ ትከሻዬን ይዞ በቀስታ «ማስታወስህ እንዴት ነው? ትንሽ ተሻለህ?» አለኝ። «የምን ማስታወስ?» አልኩት። የምናገረውን በትልልቅ ፊደል አስጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎልኛል፤ እንዳልረሳው። ያኔ ነው ሁሉን የነገረኝ፤ ወንድማችን ምን ያህል እንደሚወደኝ የተረዳሁት ያኔ ነው። ማቴዎ የፊቴን መለወጥ ሲያይ ደነገጠ። «ውሸት ነበር?» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩት? «እኔንጃ፣ አላስታውስም» አልኩት።

ግድግዳው ላይ የተጻፈው አማርኛ ደግሞ… ምን ልበልሽ። «ልጄ ሆይ፣ ልቤ በብዙ ስብራት ተሰብሯል።» ልጁ ሞቶበት እንዲህ የሚል አባት የት አለ? ንባብ ነው እንጂ ኀዘን ነው? በዚያ ላይ ከወንድማችን ከንፈር ጋር አይገጥምም። ከንፈሩ «ተርሚኒ» እያለ እኔ «ልቤ በብዙ» ብል ያስታውቃል። ስለዚህ ኪያራን ለምኜ ምስሉን ደጋግማ አሳየችኝ። ከንፈሩን አየሁት፣ አየሁት። ልጅ የለኝም፣ ታውቂያለሽ። የአባት ንግግር ከየት ላምጣ? አባቴ ትዝ አለኝ። ከቤት በወጣሁ ቁጥር ስለ ልብሴ የሚቆጣኝ፤ «እወድሃለሁ» ማለት አፉ ላይ አልመጣ ሲለው «ጃኬትህስ?» የሚለኝ።

ከዚያ ከንፈሩ ተርሚኒ ሲል «ደርበህ አልነበር?» አልኩ። ቪቶሪዮ ሲል «ብቻህን ነህ?» አልኩ። ማንዞኒ ሲል «ማን ወሰደው ጃኬትህን?» ሳን ጆቫኒ ሲል «ሳል ጀመረህ?» …ሬ ዲ ሮማ ላይ ሲደርስ «ኧረ ተነሣማ!» አልኩት።

ኪያራ ማዳመጫዋን አውልቃ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ማቴዎ «ድገመው» አላለኝም። «ለማንም እንዳትናገር» ብቻ አለኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩት። ይኸው ለማንም አልተናገርኩም። አንቺስ ፊልሙን ስታዪ አላወቅሽም አይደል? አይዞሽ። በየቀኑ ማኪያቶ የሚያዝሽን ድምፅ ሲኒማ ቤት ውስጥ ማን ይጠብቀዋል?

ጋዜጦቹ ምን ብለው እንደጻፉ አንብበሻል። «ያ ድምፅ! ከመሬት ሥር የሚመጣ፣ አባትነት ራሱ የሚናገርበት ድምፅ!» አሉ። እኔ ቆርጬ ኩሽናዬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ስለ ሰው ሲጻፍ ደስ ይለኛል። የምርጥ ተዋናይነት ሽልማቱንም ሲቀበል በቴሌቪዥን አየሁት። እናቱን አመሰገነ፣ ማቴዎን አመሰገነ፣ ሜዲትራንያን ባሕርን ሳይቀር አመሰገነ። አንድ ሰው የረሳ መስሎኝ ነበር… ግን የመርሳት ችግር ያለብኝ እኔ ነኝ ተብሏል፤ ስለዚህ ጠርቶት ይሆናል።

እና እትዬ ለተንኪኤል… ይሄን ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ፊልሙ ለኛ ሰው ሲታይ፣ ያ የእሑድ ከሰዓቱ፣ እሳቸውም ከሚኖሩበት ከሮማኒና መጥተው ነበር። መብራት ሲበራ ሰው እየገፉ ወደፊት ሄዱና የወንድማችንን ሁለት እጅ ያዙት። ሳሙት። «አባቴ፣ ያቺን መጨረሻ ላይ ያልካትን አንዴ በለኝ» አሉት። «ናቲ ብለህ በለኝ።» ናቲ ልጃቸው ነው። መቃብር የለውም፤ እሳቸውም አንድ ቀን አስከሬኑ ፊት ቆመው አያውቁም። አንድ ቃል ነው የጠየቁት። ወንድማችን ጉሮሮውን ያዘ። «እማማ፣ ድምፄ ተዘግቷል… ብርዱ…» አላቸው፤ በጣሊያንኛ፣ በሹክሹክታ። ፎቶ አንሺው «ሲኞራ፣ ወደዚህ ይመልከቱ!» አለ። ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ ያ ነው። እንባቸው የምን እንባ እንደሆነ ግን ጋዜጣው አልጻፈም።

እኔ የት ነበርኩ? በሩ ጋ ነዋ! ሌላ የት ልሆን? ማንም ቁም አላለኝም፤ እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። እየተንገዳገዱ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸውና «እትዬ፣ ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ» አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምን አልከኝ?» አሉኝ። «ደረጃ አለ ነው ያልኩት።» «ሌላ ጨምርበት» አሉኝ። «ምን ልጨምር እትዬ? እኔ በረኛ ነኝ።» ክንዴን ያዙኝ፤ ጣታቸው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። «በረኛም ብትሆን በለኝ» አሉ።

ቃል ገብቻለሁ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ምን ታደርጊ ነበር አንቺ ብትሆኚ? አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው። መኪናው ይጮኻል፣ አንዱ ስልክ ላይ ይጨቃጨቃል። እዚያ ቆመን «ናቲ…» አልኩ። «ደርበህ አልነበር? ብቻህን ነህ? ጃኬትህን ማን ወሰደው?…» ሁሉንም አልኩላቸው። ፊልም ላይ ሊያስለቅሱኝ ሲፈልጉ ሽንኩርት ነው የሚያመጡልኝ። እዚያ ፌርማታ ላይ ሽንኩርት ያመጣልኝ አልነበረም። «ኧረ ተነሣማ» ስል እሳቸው «አልነሣም አለ፤ ይረፍ በቃ» አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው መጀመሪያ የኔን ፊት ጠረጉ። ከዚያ የራሳቸውን። እስከዚያ ቀን ጥቁር ለብሰው አያውቁም ነበር፤ ይመጣል እያሉ ሲጠብቁ። በማግሥቱ ጥቁር ለበሱ። ለቅሶውም የተቀመጠው ያኔ ነው።

ሕይወቴን ሙሉ ስሠራ አንድ ተመልካች ያገኘሁት ያን ቀን ነው። አንድ ትበቃለች ለካ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሮማኒና እሄዳለሁ፤ ምሳ ይሰጡኛል፣ ስለ ናቲ ያወሩኛል። የካባውን ነገር ሲሰሙ «እኔ የማለብሰው ድምፁን ነው፤ ድምፁ ከመጣ አለብሳለሁ» አሉ። እኔ ለመንኳቸው፤ «እትዬ፣ ካባ እኔን አያምርብኝም፣ የትያትር ልብስ ይመስልብኛል» አልኳቸው። እምቢ ካሉ ምን ላድርግ? እንግዲህ ምክንያቱን ካላወቅሁት ይኸው አላወቅሁትም።

ምን? እኔ ላለብሰው? …አለብሰዋለሁ! ምን ችግር አለ? ስንቱን ባለጠጋ ፊልም ላይ ኮት አልብሻለሁ፤ አንድ እጅጌ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እሱ ንግግር ያደርጋል አይደል? በአማርኛ ነው ያላችሁት? ኧረ ጥሩ ነው! ማይክራፎኑን ቅርብ አድርጉለት፤ ሕዝቡ አንድም ቃል እንዳያመልጠው።

አትጨነቂ፣ ተዘጋጅቷል። ዛሬ ጠዋት ደውሎልኛል። እነዚያን አምስት አረፍተ ነገሮች አስተምረኝ አለ። ሰው ሲለምን እምቢ አይባልም፤ አስተማርኩት። «ተነሣ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። «ምነው?» አልኩት። «እናቴ ጠዋት ጠዋት በዚህ ነበር የምትቀሰቅሰኝ» አለኝ። ስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔ አንጀቴን በላው። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ… «ግዛቸው፣ ነገ ግን በር አካባቢ ቁም፤ ቃል ከጠፋኝ አፍህን አያለሁ» አለኝ። እቆማለሁ አልኩት። መቆም መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

ቃለ መጠይቁም አለቀ፤ የካሜራው መብራትም ጠፋ። ይኸው መጣ።

አቤት፣ ወንድሜ! ና፣ ና ልሳምህ። ያንተው ወሬ ላይ ነበርን፤ አስገደትን እያጫወትኳት ነው። …በጎ በጎውን ነዋ! ሌላ ምን አለህ? አይ፣ አትቀመጥ፣ ሰዎቹ ይጠብቁሃል። ጎንበስ በልልኝ እንጂ፣ ልመርቅህ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከምርቃት በቀር የቀረኝ ነገር የለም። አሜን ስትል ጮክ በል፣ ሰዉ ሁሉ ይስማህ፤ አፈርኩ እንዳትል። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ካባው ያምርብህ። በሄድክበት ሁሉ በር የሚከፍትልህ አይጥፋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ወንድሜ… እግዚአብሔር እንደ ድምፅህ ያድርግህ።